ሦስት ዓመት በሦስት ሎህ

ባሌ ዲንቃ ሲደሰት መቀመጥ አይችልም። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ያገኘውን ዕቃ አንሥቶ ሌላ ቦታ ያኖራል፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስፈልግ እውላለሁ። ጣሊያን መቱ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነገሩ ባሰበት። ጨው ከአልጋ ሥር፣ ማማሰያ ከኮቱ ኪስ ውስጥ ማግኘት ጀመርኩ።

«ምን ነካህ አንተ ሰው?» አልኩት። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ግን እንደ ልቤ ነው የምናገረው።

«ሽብሬ፣ በዓመት ከፋፈልኩት!» አለኝ። «ሁለት ዓመት አይበቃም፣ አራት ይበዛል። ሦስት ነው! ሦስት!»

«ማማሰያዬን ምን አደረገህ?»

«የቱን ማማሰያ?» አለ፤ የምሩን ነው።

ዲንቃ የተወለደው ሶር ፏፏቴ አጠገብ፣ የውኃው ድምፅ ቤት ድረስ ከሚሰማበት መንደር ነው። አባቱ ቀፎ ሰቃይ ነበሩ። አንድ ቀን ዛፍ ላይ ቀፎ ሊያስሩ ወጥተው ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። ስብራቱስ ይድን ነበር፤ የጨረሳቸው ቁስሉ ላይ የተለጠፈው እበት ነው። ዲንቃ ያኔ ልጅ ነበር፤ የዚያ ቁስል ሽታ ግን ከአፍንጫው አልወጣም። ካደገ በኋላ ጎሬ ሄዶ የአንድ ፈረንጅ ሐኪም ግቢ ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ። ከግቢ መጥረግ ጨርቅ ወደ ማጠብ፣ ጨርቅ ከማጠብ ቁስል ወደ ማጠብ ተሸጋገረ። እኔን ያገባኝም ያን ጊዜ ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይል ነበር።

ሐኪሙ ፋሻ ሲጠመጥሙ ወሬ ይወዳሉ። አገራቸው ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ትልቅ የትምህርት ቦታ እንዳለ፣ ትምህርቱ በዓመት በዓመት ተከፍሎ እንደሚሰጥ፣ ሁሉን የጨረሰ ሰው ሕዝብ ተሰብስቦ እያየው ቆብ እንደሚደፋ ነገሩት። ሌላው ሰው ይህን ቢሰማ ስለ ቆቡ ይጠይቅ ነበር። የኔ ባል የገረመው ሌላ ነገር ነው። «ሽብሬ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ መጀመሪያ ይሄ፣ ቀጥሎ ይሄ ብሎ አሰበው እኮ!» ይለኛል። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። ጣሊያን ሲመጣ ሐኪሙ አገራቸው ገቡ፤ ለዲንቃ አንድ ጠርሙስ አዮዲንና የራሳቸውን የሳር ባርኔጣ ትተውለት ሄዱ። አዮዲኑ አለቀ። ባርኔጣው ግድግዳችን ላይ ተሰቀለ። እሱም አያደርገው፣ ሌላም ሰው አያስነካ።

ጣሊያን መቱ ላይ ትንሽ ሐኪም ቤት ከፈተ፤ ዲንቃም ቁስል አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ። ሐኪሙን ሁላችንም ዶቶሬ ነው የምንለው። ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎም የሚበርድለት፣ የእናቱ ናፍቆት የሚያንገበግበው ሰው ነበር። ችግሩ የሱ ጠባይ አልነበረም፤ አንድ መሆኑ ነው። ከኖፓ በቃሬዛ የተነሣ ሰው መንገድ ላይ ይሞታል። ከያዮ የመጣው ደግሞ እግሩ ጠቁሮ ይደርሳል። ዲንቃ ማታ ቤት ሲገባ እጁን እየታጠበ፣ «ይሄኛውም በሳሙናና በፈላ ውኃ ይድን ነበር» ይላል። ሁልጊዜ ይሄንኑ ነው የሚለው። ከዚያ አንድ ቀን፣ በየከተማው ቁስል የሚያውቅ ሰው ቢኖርስ አለ። አለና ዕቃ ማንሣትና ማስቀመጥ ጀመረ።

ትምህርቱን ከመከፋፈሉ በፊት አገር ዞረ። የገበያ ቀን ይጠብቅና ሰው መሃል ገብቶ፣ «እናንተ አገር ሰው በምን በምን ይሞታል?» ብሎ ይጠይቃል። እስቲ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገበያ ላይ ማን ይጠይቃል! ኖፓ ላይ ሽማግሌዎች ጠንቋይ ነው ብለው በዱላ አባረሩት። ያዮ ላይ ደግሞ የጣሊያን ሰላይ መስሏቸው ማንም አይሞትም አሉት። «አንድም ሰው?» ቢላቸው «አንድም» አሉት። እየሳቀ ነው የነገረኝ። ሰው ሲለምደው ግን ነገሩት፤ ከዛፍ የሚወድቀውን ቀፎ ሰቃይ፣ ቡና ለቀማ ላይ በገጀራ የሚቆረጠውን፣ የቆላ ትኩሳቱን፣ ሲወልዱ ደም የሚፈሳቸውን ሴቶች። ትምህርቱን የቀመረው ከዚህ ነው። አንደኛው ዓመት ውኃና እጅ፤ ሁለተኛው ቁስልና ስብራት፤ ሦስተኛው ትኩሳትና ወሊድ።

ተማሪ ያለው ሦስት ሰው ነበር፤ ሦስቱም ከዲንቃ ጋር እኛ ቤት ከገበያ መልስ ይሰበሰባሉ። ደርበው ዲያቆን ነው፤ እጅ ጽሕፈቱ ያምራል፤ ይህንንም አሳምሮ ያውቀዋል። ሻሽቱ ባሏ የሞተባት ማር ነጋዴ ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ ምላሷ ግን ለሦስታችን ይበቃል። ሰማን ደግሞ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ ቁመቱ ጣራችንን የሚነካ፣ ቁርኣን ቤት ያደገ ረጋ ያለ ሰው።

ደስ የሚል ጭቅጭቅ ነበር። ዲንቃ መጀመሪያ፣ ለመግባት ማንበብ ግዴታ ነው አለ። ሻሽቱ ብድግ አለች። «ጋሼ ዲንቃ፣ ቁስሉ ላይ ጽሑፍ አለ እንዴ?» አለችው። ማንበብ ቀረ። ወሊድን ሦስተኛው ዓመት ላይ ሲያስረዳት ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አራት ወልጃለሁ፤ እርስዎ ስንት ወለዱ? እዚያ ላይ እኔ ነኝ የማስተምር» አለች። ዲንቃ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ከመቀመጫው ተነሥቶ ዞረ። «ያውም አስተማሪ ተገኘ!» አለ፤ ጽዋውንም አንሥቶ መስኮት ላይ አኖረው።

የከረረው ክርክር ትምህርቱ ማለቁ በምን ይታወቃል የሚለው ነበር። ደርበው፣ መምህሩ ሰው ሰብስቦ ይመስክርለት አለ። ሰማን፣ ቁርኣኑን ጨርሶ ያኸተመ ልጅ በበቅሎ ተቀምጦ ሠፈር ለሠፈር ይዞራል፤ እንደዚያ ይሁን አለ። ሻሽቱ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ይመርቁት አለች። ሦስቱም አልበገርም አሉ። ዲንቃ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ባርኔጣ ሲያይ ቆየ። ከዚያ፣ «ሁሉም ይሁን፤ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር። የጨረሰ ሰው ሌላ ሰው አስተምሮ ያሳየኛል። ያ ያስተማረው ሰው እኔ ፊት ቁስል ካጠበ፣ ያን ጊዜ መምህሩ ተመረቀ» አለ።

«እኔስ በስንተኛው ዓመት ነኝ?» አልኩት በዚህ መሃል። ቆሎ የምቆላው እኔ፣ ውኃ የማፈላው እኔ፣ ነፋስ ሲነሣ በር የምዘጋው እኔ።

«አንቺማ የቤቱ ባለቤት ነሽ» አለኝ።

ተናደድኩ። የተናደድኩትን ያህል አልተናገርኩም እንጂ በጣም ነው የተናደድኩት። ቆሎውን ዓይናቸው እያየ ለራሴ ወሰድኩት።

ወረቀት በዚያ ዘመን የለም፤ ቢኖርም ለጣሊያን ቢሮ ነው። ሰማን ከአጎቱ ቁርኣን ቤት ሦስት ሎህ አመጣ፤ ሎህ ተማሪ የሚጽፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ቀለሙን ከድስት ጥቀርሻና ከሙጫ በጠበጥኩላቸው። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሎህ ሆነ። ዲንቃ እየዞረ ይናገራል፤ ደርበው ይጽፋል፤ ሰማን ግድግዳውን ተደግፎ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሰማን የሚይዘው በጆሮው ነው። የቁርኣን ቤት ልማዱ ነውና ትምህርት ከተጀመረ ከመምህሩ አፍ የወጣ ሁሉ ለሱ ትምህርት ነው። ይህን ያኔ ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ሎህ ላይ ዲንቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት ነገር አስጻፈ። ጫካ ያሉት አርበኞች ሌሊት ሰው እያሸከሙ ወደ መንደር እንደሚመጡ ሁላችንም እናውቃለን። «በጥይት የቆሰለ ሰው ሲመጣ ከየት መጣህ አይባልም፤ ይታጠባል» አለ። ደርበው ብዕሩን አቆመ። ዲንቃም፣ «ጻፈው፤ ዶቶሬ ከማየቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ እናጠፋታለን» አለው። ደርበው ጻፈው፤ ነገ የሚጠፋ ነው ብሎ ግን ፊደሉን አላሳመረውም።

ዶቶሬ የሚያየው ለምን መሰላችሁ? ዲንቃ ሥውር ትምህርት አልፈለገም። ሐኪም ቤቱ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሽተኛ ባለበት፣ መድኃኒት ባለበት ማስተማር ነው የፈለገው። በአስተርጓሚው በታጁዲን አማካይነት ጠየቀው። ዶቶሬም፣ ያቀድከውን አምጣና አሳየኝ፤ ከወደድኩት ጎሬ ስወርድ ለአለቆቼ እነግራለሁ አለ። ዲንቃ የዚያን ቀን ምጣዴን ደጅ አውጥቶ ረስቶት ዝናብ ደበደበው።

ለዶቶሬ በምናሳይበት ዋዜማ ጣራችን ያፈስ ነበር። ዲንቃ ሎሆቹን ለሰማን ሰጠና፣ «እናንተ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ አሳድረህ ጠዋት ይዘህልኝ ና» አለው። ሰማንም በሁለት እጁ ተቀብሎ ሄደ።

ጠዋት መጣ። ነጭ ለብሷል፤ ፊቱ ያበራል። ሦስቱን ሎህ ዲንቃ ፊት ዘርግቶ አኖረ። ሦስቱም ንጹሕ ነበሩ። አንዲት ፊደል የለባቸውም፤ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው።

ቁርኣን ቤት ሎህ የሚታጠበው ትምህርቱ በልብ ሲያዝ ነው። ጽሑፉን ሳያጥብ መምህሩ ፊት የሚቀርብ ተማሪ ሰነፍ ነው፤ ያፍራል። ሰማን ሌሊቱን የቀረችውን ቁራጭ ይዞ ጨርሶ፣ ጎህ ሲቀድ አጥቦ፣ ለመምህሩ ትልቁን ክብር ይዞለት መምጣቱ ነበር። ዲንቃ ግን ሎሆቹን አንድ በአንድ አገላበጣቸው።

«ውኃው የት አለ?» አለ መጨረሻ ላይ። ምን እንደሚያደርግበት እንጃ።

«ጋሼ፣ እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ደጅዎ ያለው ብርቱካን ሥር ነው ያፈሰስኩት» አለ ሰማን። ቀጥሎም አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «ከሁለተኛው ላይ ግን ለበረከት ጥቂት ጠጥቻለሁ» አለ።

«ሁለተኛውን ዓመት ጠጣኸው?» አለ ባሌ።

ሻሽቱ ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ደርበው ያን ሁሉ የለፋበትን ጽሕፈት አስቦ ሊያለቅስ ደርሷል። እኔ ሰማንን አየሁት፤ ምን እንዳጠፋ ገና አልገባውም፤ ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን እየከሰመ ነው። አንጀቴን በላው። «ታዲያ ሁሉንም ይዘኸዋል?» አልኩት። «አዎ፣ እትዬ ሽብሬ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ» አለኝ። «ምን ቆማችኋል እንግዲያ? ይዛችሁት ሂዱ!» አልኳቸው። ልቤ አላስቀመጠኝም፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ዶቶሬ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ታጁዲን አጠገቡ ቆሟል። እኔ በሩ ጋ ቀረሁ። ሰማን እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

«አንደኛ ዓመት። ውኃ ይፍላ። ፈልቶ ይብረድ። ጥፍር ይቆረጥ። እጅ እስከ ክርን ይታጠብ። ያልታጠበ እጅ ቁስል አይነካም፤ የንጉሥ እጅ ቢሆንም አይነካም…» ዜማው የቁርኣን ቤት፣ ቃሉ የባሌ ነው። ዲንቃ መዞር አማረው፤ ዶቶሬ ፊት ነውና እግሩን ብቻ ያነሣል ይጥላል። ታጁዲን እየሮጠ ይተረጉማል። እንዲህ ሲል ቆየና ሰማን ድምፁን ሳይቀይር፣ ያንኑ ዜማ ሳይለቅ፣ «ሽብሬ፣ በሩን ዝጊው፣ ነፋሱ አመድ እያነሣ ነው» አለ።

ልማድ ክፉ ነው፤ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።

ታጁዲን ይህንንም ተረጎመው። ዶቶሬ አንዴ እኔን አንዴ በሩን አይቶ በሳቅ ፈነዳ፤ እኛም ሳቅን። ሰማን ብቻ አልሳቀም፤ እሱ ትምህርት ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ሽው ያለኝ። ይሄ ሰው የሰማውን ሁሉ ይዟል ማለት ነው። ሁሉን! ዲንቃም ገብቶታል መሰለኝ ፊቱ ተለዋወጠ። እንዴት ብሎ ያስቁመው? በልብ የያዘ ሰው መሃል ላይ ዝለል ቢሉት አይሆንለትም፤ ካቋረጠ ከመጀመሪያው ነው የሚነሣው።

«…በጥይት የቆሰለ ሰው ሲመጣ ከየት መጣህ አይባልም፤ ይታጠባል። ጻፈው፤ ዶቶሬ ከማየቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ እናጠፋታለን። የተሰበረ እግር…»

ታጁዲን መተርጎሙን አቆመ። ዶቶሬ ቀና ብሎ አየው፤ ምን አለ ማለቱ ነው። ታጁዲን ዲንቃን አየ፤ ከዚያ በጣሊያንኛ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ምን ብሎ እንደተረጎመው አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝ። ዶቶሬ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰማንም ስብራቱን ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማር በቤታችን በተቆረጠ ቁጥር የታጁዲንን ድርሻ እልካለሁ።

ሰማን ሲጨርስ ዶቶሬ ውጭ ተራ ሲጠብቅ የነበረ እግሩ የቆሰለ ገበሬ አስገባና ለሰማን በእጁ ምልክት ሰጠው። ሰማን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደናገር አየሁት። ወዲያው ግን ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ውኃ ይፍላ፣ ፈልቶ ይብረድ እያለ፣ እጁም ከንፈሩን እየተከተለ፣ ቁስሉን አጥቦ አሰረው። ገበሬው፣ «ገለቶሚ፣ ልጄ» አለው፤ ተባረክ እንደ ማለት ነው።

«ይህን ያቀደው ማነው?» አለ ዶቶሬ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ዲንቃ።

«ትኩሳቱን ለምን መጨረሻ አደረግኸው? እዚህ አገር ከቁስል ይልቅ ትኩሳት ነው የሚገድለው። እኔ ብሆን ከሁለተኛው ዓመት አስጀምር ነበር።»

ዲንቃ እጁን አጨበጨበ። ጣሊያን ፊት፣ እንደ ሕፃን! «ልክ ነው! ልክ ነው!» አለ። ከዚያ ሁለቱ በታጁዲን አፍ ሲከራከሩ ቆዩ፤ ትኩሳት ይቅደም፣ ስብራት ይከተል፣ ኪኒን ስንት ይሰጥ። የጌታና የሎሌ ንግግር አይመስልም ነበር።

በመጨረሻ ግን ዶቶሬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ታጁዲንም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ተረጎመው። «ፈቃድ የለም ይላል። መንግሥታቸው እናንተን ለመጥረግ እንጂ ለዚህ አይፈልጋችሁም ይላል። ጎሬ ቢጽፍ እሱም አንተም ትታሰራላችሁ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልሰማሁም፤ እናንተም አልነገራችሁኝም ይላል።»

ቤት ስንገባ ዲንቃ ተቀመጠ። እናንተ ባሌን ስለማታውቁት ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፤ እኔ ግን አባቱን ያነሣ ቀን ካልሆነ እንዲህ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ዕቃዬ ሁሉ ቦታ ቦታው ነበር፤ ያ ራሱ አስለቀሰኝ። ደርበው በባዶው ሎህ ላይ ጣቱን ያመላልሳል። ሰማን፣ «በኔ ጥፋት ነው፤ ጽሑፉ ቢኖር…» ሲል፣ ሻሽቱ አቋረጠችው።

«ጽሑፉ ቢኖር እኔን ምን ይጠቅመኛል? አላነብ!» አለች። «ሰማን፣ አንደኛውን ዓመት እንደገና በልልኝ። ወንድሜ ኖፓ ነው ያለው፤ ቡና እስኪደርስ ተምሬ እዚያ እሄዳለሁ። ማር ሻጭን ምን ይዘሻል ብሎ የሚፈትሽ ጣሊያን ደግሞ ማሩን እንጂ ጭንቅላቴን አይፈትሽ።»

ዲንቃ ቀና አለ። ቀስ ብሎ ተነሣ። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ። ከዚያ ወንፊቴን አንሥቶ አልጋው ላይ አኖረው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«ቤት አያስፈልገውም እኮ!» አለ። «ሽብሬ፣ ቤት አያስፈልገውም! ሰማን ያዮ፣ ሻሽቱ ኖፓ፣ ደርበው ሶር። ደግሞ ትኩሳቱን እናምጣው፤ ዶቶሬ እንዳለው ከሁለተኛው ዓመት እናስጀምር።»

ሎሆቹ ላይ እንደገና ተጻፈ፤ ሲያዝ ታጠበ፤ ተጻፈ፤ ታጠበ። አሁን ደርበው ራሱ በልቡ ይይዝ ጀመር። ብርቱካናችን ከዚያ ቀለም ይሁን ከሌላ ያን ዓመት እጅግ አፈራ። ሦስት ዓመት የተባለውን በልብ ለመያዝ ወራት በቃቸው፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሄዱ። ሻሽቱ ማሯን፣ ሰማን የአባቱን ጨርቅ፣ ደርበው ዳዊቱን ይዞ። ቤቴ ጭር አለ። ዲንቃ ቀን ሐኪም ቤት ቁስል ያጥባል፤ ማታ ወሬ ይጠብቃል። እኔ ወሬውን ባልጠብቅም ባርኔጣውን አቧራ አራግፍለት ነበር፤ እሱ ሳያይ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጣሊያን ገና ሳይወጣ፣ ከያዮ የመጣ አንድ ቡና ነጋዴ በራችን ላይ በቅሎውን አቆመ። «ሰማን፣ ጋሼ ይምጡና ይዩ ብሏል» አለ። ዲንቃ ቁርሱን ጥሎ ተነሣ። እኔም አልቀርም አልኩ። ባርኔጣውን ከግድግዳ አውርዶ በጨርቅ ጠቀለለው፤ መንገድ ላይ በየዛፉ ሥር ፈትቶ ያየዋል። የያዮ መንገድ መንገድ አይባልም፤ ጭቃ፣ ሥር፣ ድንጋይ ነው፤ በቅሎዋም ሁለቴ ተቀመጠችብኝ። ምንም አልመሰለኝም።

ሰማን ጫካው ዳር ባለች አንዲት ጎጆ ጠበቀን። ጺም አውጥቷል። አጠገቡ ዋሪቱ የምትባል ሴት ቆማለች፤ ባሏ ቀፎ ሰቃይ ነው፤ አማርኛ እምብዛም አታውቅ። እሷ ናት ያስተማራት። ሌሎችም ሴቶችና ወንዶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መደቡ ላይ ደግሞ ቡና ሲለቅም ገጀራ ያገኘው አንድ ሽማግሌ እግሩን ዘርግቷል።

«ኦቦ ዲንቃ፣ ልጀምር?» አለች ዋሪቱ በኦሮምኛ። ኦቦ፣ ጌታዬ እንደ ማለት ነው። ዲንቃ በእጁ ጀምሪ አላት።

ጀመረች። ሁሉም በኦሮምኛ ነው፤ ሰማን ገልብጦታል። ግን ያው ነው። ውኃ ይፍላ፣ ፈልቶ ይብረድ። የንጉሥ እጅ ቢሆንም አይነካም። ያ የኛ ቤት፣ ያ የባሌ መዞር፣ ያ የዝናቡ ማታ ሁሉ እሷ አፍ ውስጥ ነበር፤ አይታን አታውቅም። እጇን እስከ ክርኗ አጠበች። ፎጣውን አነሣች። ከዚያ ቁስሉን ከመንካቷ በፊት ቆም ብላ ያንኑ ዜማ ሳትለቅ፣ «ሽብሬ፣ ባልበላ ጩፊ» አለች። በሩን ዝጊው ማለት ነው።

ከተቀመጡት አንዷ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

ዲንቃ በሀፍረት ግንባሩን ያዘ። «አይ ሰማን! እሱ እኮ ትምህርት አይደለም፤ ዝም ብዬ ነው ያልኩት፤ ይውጣ ከትምህርቱ» አለ።

ሰማን ለዋሪቱ ነገራት። ዋሪቱ ተገረመች፤ ተቆጣችም። «እንዴት ይወጣል?» አለች። «በሩ ካልተዘጋ ነፋሱ ቁስሉ ላይ አመድ ያመጣል። እኛ ሁልጊዜ አንድ ሰው እናስቆማለን። እሷን ሽብሬ ነው የምንላት። ጠዋት ስንገናኝ መጀመሪያ የምንጠይቀው ዛሬ ሽብሬ ማን ናት ብለን ነው። ያለ ሽብሬ አይጀመርም።»

ዲንቃ ዞሮ አየኝ። እኔ እሱን ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

ዋሪቱ ቁስሉን አጥባ አሰረች። ንጹሕ ነበር። ዲንቃ ጎንበስ ብሎ ሸተተው፤ አባቱን ያስታወሰ መሰለኝ፤ ቀና ሲል ጉንጩ እርጥብ ነው። ጥቅሉን ፈታና ባርኔጣውን ሰማን ራስ ላይ ደፋው። ውጭ በቅሎ አቁመው ጠብቀዋል፤ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘዋል፤ ዲንቃም ሕዝቡ ፊት ቆሞ ይህ ሰው ጨርሷል ብሎ መሰከረ። ሦስቱም ሆነ። ሰማን በበቅሎ ላይ ሆኖ ረጅም እግሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ባሌ በቅሎዋን ሊቀድማት እየሮጠ ነው፤ ያገኘውን ድንጋይ እያነሣ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል።

ወደ ጎጆዋ ስንመለስ ሌላ ቁስለኛ አምጥተው ነበር። ዋሪቱ እጇን እየታጠበች ወደኔ ዞር አለች።

«አዴ፣ እርስዎን አላወቅኩዎትም» አለችኝ። አዴ፣ እትዬ እንደ ማለት ነው። «ስምዎ ማነው?»

«ሽብሬ» አልኳት።

እጇ ከነሳሙናው ቆመ። በሩ ጋ የነበረችው ሴት ሰማች፤ ብድግ ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ሁሉም ያዩኛል።

ሄጄ በሩን ዘጋሁት።